ከሰባት ቤት በላይ

እናቴ ከወለደቻቸው ልጆች የሁለቱ ጆሮ አይሰማም ነበር። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለተኛዋ ታናሽ እህታችን ነበረች፤ እሷን ገና ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ወባ ወሰዳት። ሌሎቻችን እንሰማለን። የምንኖረው ቀወት ውስጥ፣ ጠዋት በእግር ቢነሱ ፀሐይ ሳትበረታ ሸዋ ሮቢት ገበያ በሚደረስበት መንደር ነበር፤ ማሽላና ማሾ የሚዘራበት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውንም ከብቱንም ከጥላ የማያስወጣበት ቆላ።

ወንድሜ ለእያንዳንዳችን በእጁ ስም አውጥቶልናል። እኔን ሲጠራ የፊት ጥርሱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ፍንጭት ስለሆንኩ ነው። የአባታችን ስም ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ደብረ ሲናን ማንሳት ሲፈልግ፣ የብርድ አገር ናትና፣ ሁለት ትከሻውን አቅፎ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ማንም ከእሱ ጋር ለመነጋገር ተቸግሮ አያውቅም። ችግሩ ከበር ሲወጣ ነበር። ውጭ ስም የለውም፤ «ያ ደንቆሮ» ነው የሚሉት፤ እሱም አፋቸውን እያየ ይገባዋል።

እናቴ ጥፋቱን ራሷ ላይ ስትፈልግ ኖረች። አንድ ቀን፣ አርግዛው ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ስለነበር እንደሆነ ትናገራለች፤ ሌላ ቀን የሰው ዓይን ነው ትላለች። ያላደረሰችው ጠበል የለም። አባቴ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ ይል ነበር። «ከየትም ይምጣ፣ በዘር የመጣ ግን አይደለም» ይላል። «እኔና እናትሽ የተጋባነው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው።» በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ አንድ የጋራ ሰው ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። አባቴ በዚህ ቆጠራ የታወቀ ነበር። የአገሩን ሰው ሐረግ በቃሉ ስለሚያውቅ ከሩቅ መንደር ሳይቀር እየመጡ ይጠይቁታል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ፤ ባዮሎጂ ደረሰኝ። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ውርስ ሲያስተምር፣ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ እንዳለን፣ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት እንደምንወስድ አስረዳን። አንዱ ቅጂ የተበላሸ ቢሆንም ደህናው ስለሚሸፍነው ሰውየው ምንም አይሆንም፤ ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፣ ለልጆቹም ያወርሳል። ጣጣው የሚመጣው ሁለት ተሸካሚዎች ተጋብተው ልጁ ከሁለቱም የተበላሸውን ቅጂ ሲወርስ ነው። ከዚያ ለምሳሌ ያህል ብሎ፣ «እናት ትሰማለች፣ አባት ይሰማል፤ ከልጆቻቸው ግን አንዳንዶቹ አይሰሙም» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ትምህርቱ ሲያልቅ ብቻዬን ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ቤታችንን አይቶ የተናገረ ነበር የመሰለኝ።

ለክረምት እረፍት ስመለስ አባቴን ማሽላው ዳር አገኘሁትና የተማርኩትን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ።

«ዘመድህን ነው ያገባኸው እያልሽኝ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እሱን አላልኩም። ሁለታችሁም ያንን ነገር ተሸክማችኋል ነው ያልኩት።»

«ከየት አምጥተን?»

«ከአንድ ሰው። ምናልባትም ሁለታችሁም ከአንድ ሰው።»

«ሰባት ቤት ተቆጥሯል።»

«ከሰባት ቤት በላይስ?»

ፊቱ ጠቆረ። «ሙስሊሟ ጎረቤታችን የአጎቷን ልጅ ነው ያገባችው። በእነሱ ቤት ወግ ነው። ልጆቿን ታውቂያቸዋለሽ፤ አንዱም አልደነቆረ። እኔ ግን ይኸን ሁሉ ቆጥሬ ሁለት።»

ዘመድ ማግባት በሽታ እንደማይፈጥር፣ በቤተሰቡ ውስጥ የተደበቀ ነገር ካለ ብቻ ሁለቱ ቅጂዎች የሚገናኙበትን ዕድል እንደሚያበዛ ነገርኩት። የእነሱ ቤት ያ ነገር ከሌለ የሚገናኝ ነገር የለም። ይህ ያጽናናዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ለብዙ ቀን አላናገረኝም።

ኋላ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እዚህ መንደር መጀመሪያ የሰፈሩት ከላይ፣ ከደብረ ሲና አፋፍ የወረዱ ናቸው» አለኝ። «መሬት ጠቧቸው ነው። ቀን እዚህ ሲያርሱ ውለው ለአዳር ዳገቱን ይወጡ ነበር፣ የወባውን ንዳድ ፈርተው። ቤት ሠርተው ከቀሩት አብዛኞቹን ንዳድ ጨረሳቸው። የተረፉት ጥቂት ቤቶች ናቸው። እኛ ሁላችን የእነዚያ ነን።»

«እርስ በርሳቸውስ ዝምድናቸው ይታወቃል?»

«ማን ያውቀዋል? የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ጥቂት ሰዎች የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ወላጆች ሲሆኑ፣ በደማቸው ውስጥ የነበረው ነገር፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አብሯቸው ይበዛል። ስለሚጠቅም አይደለም፤ ዕድል ነው። ኮሌጅ ይህንን ለፈተና አጥንቼው ነበር። አባቴ ሲነግረኝ ግን ያ ንዳድ አንድ ሌላ ቤት ቢመታ ኖሮ ወንድሜ ይሰማ እንደነበር ታየኝ፤ ወይም ጭራሽ ማናችንም እንደማንኖር። ከዚያ ወዲህ ልቤ እረፍት አጣ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የሰውን ፊት እቃኛለሁ፤ የማን አፍንጫ የማንን እንደሚመስል፣ ማን ከማን ጋር ሳይተዋወቅ አንድ ደም እንዳለው።

ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ተመድቤ ማስተማር ስጀምርም አልተወኝም። ገበያ ስወጣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ከወዲያኛው ዞን የሚመጣው ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሸጥና ሲገዛ አያለሁ። ይበዳደራል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይናገራል። ጋብቻ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱ አጥር አለው። እኛ ዘመድ አንነካም ብለን እንቆጥራለን፤ ከምንቆጥርበት መንደርና ከሃይማኖታችን ግን አንወጣም። እንግዲህ አጥሩ ውስጥ ያለው ነገር እዚያው ሲዞር ይኖራል።

ኋላ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥበት ጊዜ መጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ስለ አተር አበባ ቀለም ይናገራል፣ ተማሪው ዝም ብሎ ያየዋል፤ እኔ በቀረችኝ ደቂቃ በአማርኛ እደግመዋለሁ። አተሩን ትቼ ወባን ምሳሌ አደርግ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ወባ ያልያዘው የለም። ወባ በጸናባቸው አንዳንድ አገሮች የደም ሴልን ቅርጽ የሚለውጥ ጂን እንዳለ፣ አንድ ቅጂ ያለው ሰው ከወባ ሞት እንደሚተርፍ፣ ሁለት ቅጂ የደረሰው ግን በዚያው እንደሚታመም ነገርኳቸው። «ስለዚህ ወባው ራሱ ነው ጂኑን ጠብቆ ያቆየው» አልኩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እሱስ ስለሚጠቅም ቆየ። የማይጠቅመውስ ለምን አልጠፋም? ለምሳሌ መስማት አለመቻል።»

ወንድሜን አታውቀውም። «ስለሚደበቅ ነው» አልኳት። «ተሸካሚው ይሰማል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የሚያስቀረው ነገር የለም።»

«ታዲያ መቼም አይጠፋም ማለት ነው?»

«በቀላሉ አይጠፋም።»

በዚህ መሃል ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተቀራረብን። የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ የሮቢትን ሙቀት ሲያማርር የማያውቀው ሰው የታመመ ይመስለዋል። እንጋባ ሲለኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያነሳሁት ጥያቄ አሳቀው።

«በዘራችሁ ሳይሰማ የተወለደ ሰው አለ?»

«የማይስማማ ነው እንጂ የማይሰማስ የለም።»

ስለ ወንድሜና ስለ ሞተችው እህቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁን ተወ፤ አሁንም ግን የለም አለ። አመንኩት። እሱም የሚያውቀውን ነው የነገረኝ።

አባቴ ሽማግሌ ሲላክበት ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ሰውየው የሩቅ ነው፣ ደገኛ ነው። ቆጠራው ውስጥ ራሱ ገባበት። እስከ ሰባት ቤት አንድም የጋራ ሰው አልተገኘም። «ይኸው፣ ምንም አትነካኩም» አለኝ።

«የኛም ሰዎች የወረዱት ከዚያው ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ስንት ዘመኑ!» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ከሠርጉ በፊት ቤተሰብ ለመተዋወቅ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ ወደ ደብረ ሲና ወጣን። ከተማዋ ጉም ውስጥ ነበረች። የእጮኛዬ አባት ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፣ እሳት ዳር አስቀመጡን። ምግብ ቀርቦ ጨዋታ ሲደምቅ ወንድሜ ከመቀመጫው የለም። ልፈልገው በጓሮ በር ወጣሁ። እንጨት ክምሩ አጠገብ፣ የቆሎ ገብስ ከምታበጥር አሮጊት ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሏል። ሰፌዱን አስቀምጣለታለች። የሁለቱም እጅ ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱን ምልክት አይግባቡም፤ ያኔ ይስቁና በሌላ መንገድ ይሞክራሉ።

እጮኛዬ ተከትሎኝ ወጥቶ ነበር። «አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት» አለ።

«የለም ብለኸኝ ነበር።»

«እሷ እኮ በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ነው የደነቆረችው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚባለው። የዘር ነገር ስትጠይቂኝ እሷ ትዝም አላለችኝ።»

ወንድሜን በትከሻው ነክቼ እንዲጠይቅልኝ አመለከትኩት። ክንዱን እንደ አራስ ማቀፊያ አጥፎ ወዘወዘና ጆሮውን ነካ። አሮጊቷ አየችው። መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት አወጣች፤ ልደት ነው። ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ ጣቷን ደጋግማ ነቀነቀች፤ ከመወለዷ ጀምሮ ሰምታ አታውቅም። በዚህም አላበቃችም። እጇን ከመሬት ከፍ አድርጋ የአንድ ሕፃን ቁመት አሳየች፤ አጠገቡ ሌላ። ጆሮዋን ነካች፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኛች። እንደሷ የማይሰሙ ሁለት ታናናሾች ነበሯት፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ሞተዋል።

ዘወር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። የወንድሜን እጅ አሳምሮ ያነባል፤ የአሮጊቷንም እንዳነበበ ከፊቱ ታወቀኝ። ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም።

ስንመለስ እጮኛዬ አብሮን ወረደ። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«በቁጥር ንገሪኝ» አለኝ።

እኔ የምሰማ እህት ስለሆንኩ የመሸከም ዕድሌ ከሦስት ሁለት ነው። የእሱ አባትም እንደዚያው፤ እሱ ራሱ ደግሞ የዚያ ግማሽ። ሁለታችንም ተሸካሚ ብንሆን ከአራት ልጅ አንዱ። በአእምሮው አባዛው።

«ከአሥራ ስምንት አንድ» አለ። «ትንሽ ነው።»

«እናትና አባቴን ያኔ የሚያሰላላቸው ቢኖር የእነሱም ትንሽ ነበር።»

መስማት አለመቻልን የሚያመጡት ጂኖች ብዙ እንደሆኑ፣ የእነሱ ቤት ጂን ከእኛው የተለየ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለም ነገርኩት። ግን የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ሰው በዚያን ጊዜ አናውቅም። አርማንያ ከተማ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድምሽ ባይወለድ ይሻል ነበር ትያለሽ?»

«አልልም።»

«እንግዲያው እንጋባ።»

ይህ ለእኔ በቂ መልስ አልነበረም። ወንድሜ መወለዱ አንድ ነገር ነው፤ አውቄ ልጄን ለዚያ ማጋለጥ ሌላ። ግን እወደው ነበር፤ ሁለቱ ሐሳብ ልቤ ውስጥ እየተጋፋ ሰነበተ። ያልጠበቅኩትን የተናገረው አባቴ ነው። «ይቅር» አለ። «ስምንትም ይሁን ዘጠኝ፣ እላይ አንድ ቦታ አንድ ሰው ላይ እንገናኛለን። ዓይኔ ነው ያየው።» በቆጠራው ያልፋል ያለውን ጋብቻ ሲቃወም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ነገሩን ቆረጠችው። «እኔ ሁለቱንም ወልጄ አንዱን ቀብሬያለሁ» አለችው። «የቀበርኳት ባለመስማቷ አይደለም፣ በወባ ነው። ይጋቡ።» ወንድሜ ደግሞ ጭቅጭቁን እያየ፣ አሮጊቷን መቼ ነው የምናያት እያለ ትከሻውን አቅፎ ይንቀጠቀጥብን ነበር።

ተጋባን። አባቴ ከዚያ በኋላም ለሚመጣ ሰው መቁጠሩን አልተወም፤ ግን ሲጨርስ «እኔ የማውቀው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው» የምትል ቃል ጨመረበት።

የተከራየነው ቤት ከደሴ መንገድ ዳር ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን፣ ሴቷ፣ ተወልዳ ሽንኩርት የጫነ መኪና በደጃችን ጥሩምባውን ሲነፋ ደንግጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ባሌ የሚያባብለው ማንን እንደሆነ ጠፋው።

ቀጥሎ ወንድ ተወለደ። ያው መንገድ፣ ያው ጥሩምባ ነው። ልጁ ተኝቷል። አጠገቡ የድስት ክዳን ጣልኩ፤ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ባውቅም ማወቁን አልፈለግኩም። በሰበብ በአስባቡ ዕቃ ስጥል፣ ሳጨበጭብ፣ ከኋላው ስጣራ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ባሌ ክዳኑን ከእጄ ወስዶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

«በቃሽ» አለኝ። «ሐኪም ቤት እንውሰደው።»

ደብረ ብርሃን ወስደን አስመረመርነው፤ ሐኪሙ የምናውቀውን ነገረን። ስንመለስ ባሌ በመስኮት እያየ፣ «ከአሥራ ስምንት አንድ ቢሆን ምን፣ ለደረሰበት ሰው አንድ ከአንድ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁጥሩ አንስቶ አያውቅም።

ወንድሜ ወሬው ደርሶት ከመንደር መጣ። ማንንም ሳይጠይቅ ልጁ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቆመና ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ሕፃኑ በዓይኑ ተከተለው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ደረቱን መታ፣ ልጁን አመለከተ፤ እንደኔ ነው ማለቱ ነው። ፊቱ በራ። በዚያ ደስታው ተናደድኩበት፤ ጀርባዬን ሰጠሁት። እሱ ቅር አላለውም፤ ልጁን አቅፎ ውጭ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ሙስሊሟ ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ ከመንደር መጣች። ዕድሜዋ ከእናቴ እኩል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት። «አላህ የሰጠውን ነው የምንቀበለው» ብላ ጥቂት ተጫወተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባትሽ የኛን ቤት ሰላም ነው ይላል። የእህቴ ልጆች ግን ሲመሽ ዓይናቸው አያይም። ሦስቱም። እሷም እንደኔ የአጎቷን ልጅ ነው ያገባችው። ለሰው አንናገርም። አሁን ትንሿን ልጄን ለዚያው ቤት ጠይቀዋታል። አንቺ የተማርሽው ምን ይላል?»

«ለእትዬ እምቢ በዪ ማለት አልችልም» አልኳት። «ግን እዚያ ቤት ያለው ነገር በእትዬም በኩል ሊኖር ይችላል። የውጭ ሰው ቢሆን ሥጋቱ በጣም ይቀንሳል።»

«አንቺስ የውጭ ሰው አይደል ያገባሽው?»

ቡና ቀዳሁላት። እሷም ለክፋት አልነበረም ያለችው። ልጅቷን በኋላ ለከሚሴ ነጋዴ ዳረቻት፤ በእኔ ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት አልጠየቅኳትም።

ወንድሜ ወደ መንደር አልተመለሰም። ሽንኩርት ጫኞች ጋር ሥራ አግኝቶ እኛው ቤት ቀረ። ልጄ በእጁ ማውራት የጀመረው እህቱ በአፏ ካወራችበት ዕድሜ ቀድሞ ነው። ለትምህርት ሲደርስ መስማት ለማይችሉ ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አገኘንለት፤ እዚያ የሚማረው ምልክት ከወንድሜ የተለየ ሆነ። ለእረፍት ሲመጣ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ይከራከራሉ፤ ልጁ የአጎቱን እጅ ይዞ ያርመዋል፣ ወንድሜ ያኮርፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ምልክት ተደብቆ ሲለማመድ አየዋለሁ። ሦስተኛ ልጅ አልወለድንም። ባሌ ይፈልግ ነበር። እኔ አንድ ዓመት እሺ፣ አንድ ዓመት እምቢ እያልኩ ዕድሜዬ አለፈ።

ሴት ልጄ ከፍ ስትል ስለ ውርስ ተምራ መጣች። ለተማሪዎቼ የፈተና ጥያቄ ሳወጣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ቆመች።

«እኔም ተሸክሜዋለሁ?»

«ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሁለት።»

«ማወቅ አይቻልም?»

«አሁን አሁን ይቻላል ይባላል። ሩቅ ነው።»

የፈተና ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገች። ፊቷን አየሁት፤ የኔ ፍርሃት እዚያ ይኖር እንደሆነ ፈለግኩ።

«እንግዲያው የማገባው ሰው የእጅ ቋንቋ መቻል አለበት» አለችና ወንድሟን ለምሳ ልትጠራ ወጣች። በመስኮቱ አየኋት፤ ግቢው መሃል ቆማ እጇን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ያን ቀን አንድም ጥያቄ አላወጣሁም።